ለወሎ መንገድ ቸርኬ ከመግዛትዎ በፊት፦ የኦፍሴት አለካክና አመራረጥ

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ቸርኬ ለመቀየር የሚወጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ለሃይሉክስ ይሆናል?» ብሎ ነው። ሻጩም የቡሎን ቀዳዳዎቹን ይቆጥርና «ስድስት ነው፣ ይገባል» ብሎ ይመልሳል። እውነቱን ነው፤ ይገባል። ዋናው ጥያቄ ግን ጎማው ከታሰረ በኋላ የት ላይ ይቆማል የሚለው ነው። ወደ ውስጥ ተሰብስቦ ከባሌስትራው (መኪናውን ከሚሸከመው የላሜራ ምንጭ) ጋር ይፋተጋል? ወይስ ከፓራፋንጎው (ጎማውን ከላይ ከሚሸፍነው የአካል ክፍል) ወጥቶ መሪውንና ጎማው የሚሽከረከርበትን ኩሽኔታ ያደክማል? ይህን የሚወስነው ኦፍሴት የሚባለው ቁጥር ነው። ብዙ ገዢ ግን ይህን ቁጥር ሳያይ ነው የሚከፍለው።

በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት በየሳምንቱ የሚወርድ፣ ወደ ደላንታ ወይም ወደ ጃማ በክረምት ጭቃ የሚገባ መኪና በቸርኬው ላይ የሚጫነው ኃይል ከተማ ውስጥ ብቻ ከሚዞር መኪና ጋር አይወዳደርም። ስለዚህ ከመልኩና ከቀለሙ በፊት ቁጥሩን ያስቀድሙ። ሜትር፣ ቀጥ ያለ ጣውላ፣ ክር ያለው ቱንቢ፣ ወረቀትና እርሳስ ካለዎት ሥራውን ራስዎ መሥራት ይችላሉ።

ኦፍሴት ምንድን ነው?

ቸርኬውን አቁመው ከጎን ሳይሆን ከፊት በኩል ይመልከቱት፤ ማለትም ስፋቱ እንዲታይ። ስፋቱን ለሁለት እኩል የሚከፍል መስመር መሀሉ ላይ ያስቡ። አሁን ደግሞ ቸርኬው ሞዞው (ቡሎኖቹን የያዘው የመኪናው ክፍል) ላይ ተለጥፎ በቡሎን የሚታሰርበትን ጠፍጣፋ ቦታ ይፈልጉ፤ እሱን «መቀመጫ» እንበለው። ከመሀል መስመሩ እስከ መቀመጫው ያለው ርቀት በሚሊሜትር ሲለካ ኦፍሴት ይባላል።

መቀመጫው ከመሀል መስመሩ ወደ ውጭ፣ ወደ መንገዱ ካደላ ኦፍሴቱ ፖዘቲቭ ነው፤ ጎማው ወደ መኪናው ሆድ ይሰበሰባል። መቀመጫው ወደ ውስጥ ካደላ ኔጌቲቭ ነው፤ ጎማው ወደ ውጭ ይወጣል። ልክ መሀል ላይ ካረፈ ዜሮ ነው። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ በወረቀትዎ ራስጌ ይጻፉት፦ ቁጥሩ ሲጨምር ጎማው ይገባል፣ ቁጥሩ ሲቀንስ ጎማው ይወጣል።

ደረጃ 1፦ መኪናው ይዞት የመጣውን ቁጥር ማወቅ

መነሻዎ የፋብሪካው ቸርኬ ነው። አንዱን ፈትተው ጀርባውን በደረቅ ብሩሽ ያጽዱ። ዲያሜትሩ፣ ስፋቱና ኦፍሴቱ አብዛኛውን ጊዜ በቡሎን ቀዳዳዎቹ አካባቢ ወይም በክንዶቹ ጀርባ ላይ ተቀርጸው ይገኛሉ። ኦፍሴቱ «ኢ» እና «ቲ» የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላትን ተከትሎ የተጻፈው ቁጥር ነው። «17 በ7.5» ማለት ዲያሜትሩ 17 ኢንች፣ ስፋቱ 7.5 ኢንች ማለት ነው።

ከ2005 እ.ኤ.አ. ወዲህ በተሠሩት የቶዮታ ሃይሉክስ ሞዴሎች ላይ በብዛት የሚገኘው ኦፍሴት ፖዘቲቭ 30 ነው። ስድስት ቡሎን አላቸው፤ የቡሎኖቹ ክብ ዲያሜትር 139.7 ሚሊሜትር፣ የመሀል ቀዳዳው ደግሞ 106 ሚሊሜትር ገደማ ነው። የራስዎን መኪና ቁጥር ግን ከራሱ ቸርኬ ላይ ያንብቡ። ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው፣ አሁን ያለው ቸርኬ ቀድሞ የነበረው ባለቤት የቀየረው ሊሆን እንደሚችል መርሳት የለበትም።

በላንድክሩዘር በኩል አንድ የተለመደ ወጥመድ አለ። ከ1999 እ.ኤ.አ. በኋላ የመጡት ባለ አምስት ቡሎን 70 ሲሪየሶችና በእኛ አገር «ቪ8» የሚባለው 200 ሲሪየስ የቡሎን ክባቸው አንድ ነው፤ 150 ሚሊሜትር። የቪ8 ቸርኬ ሃርድ ቶፕ ላይ ያለ ምንም ችግር ይታሰራል ማለት ነው። የቪ8 ኦፍሴት ግን ወደ 60 የሚጠጋ ሲሆን የ70 ሲሪየስ ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። ቡሎኑ ስለገባ ብቻ የተገዛ የቪ8 ቸርኬ ጎማውን በብዙ ሚሊሜትር ወደ ውስጥ ይስበዋል፤ መሪው ሲጠመዘዝም ጎማው ሊያርፍበት የማይገባውን ቦታ ይነካል።

ደረጃ 2፦ ሊገዙ ያሰቡትን ቸርኬ ማንበብ፣ ካልተነበበ መለካት

አዲስ ቸርኬ ከሆነ ቁጥሩ ከጀርባው ወይም ከካርቶኑ ላይ አለ። ያገለገለና በላዩ ላይ ቀለም የተቀባ ከሆነ ግን ጽሑፉ ሊደፈን ይችላል። ሻጩ ቁጥሩን በቃል ቢነግርዎትም በጨዋነት አመስግነው ይለኩ። ጎማ ያልገባበት ባዶ ቸርኬ ይሻላል።

ቸርኬውን ፊቱን ወደ መሬት፣ ጀርባውን ወደ ላይ አድርገው በጨርቅ ላይ ያስተኙ። ቀጥ ያለውን ጣውላ ከጀርባው ጠርዝ እስከ ሌላው ጠርዝ አጋድመው ያሳርፉ። ከጣውላው የታች ፊት ተነስተው ቀጥ ብለው እስከ መቀመጫው ያለውን ጥልቀት ይለኩ፤ ይጻፉት። ቀጥሎ የቸርኬውን ጠቅላላ ስፋት ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ይለኩና ለሁለት ያካፍሉ። ጥልቀቱ ላይ ግማሽ ስፋቱ ሲቀነስ የሚቀረው ቁጥር ኦፍሴቱ ነው።

ለምሳሌ ጠቅላላ ስፋቱ 228 ሚሊሜትር የሆነ ቸርኬ ግማሹ 114 ነው። ጥልቀቱ 124 ከሆነ ኦፍሴቱ ፖዘቲቭ 10 ነው። ጥልቀቱ 100 ብቻ ከሆነ ግን ኔጌቲቭ 14 ነው። ከሁለቱ አንዱን ሳያውቁ ገንዘብ መክፈል ተገቢ አይደለም።

ይህ 228 ሚሊሜትር የሆነው ቸርኬ በገበያ ስሙ «8 ኢንች» ነው። 8 ኢንች 203 ሚሊሜትር ሆኖ ሳለ ሜትሩ 228 የሚያሳየው፣ የቸርኬ ስፋት የሚሰየመው የጎማው ከንፈር በሚቀመጥባቸው ሁለት ቦታዎች መካከል ባለው ርቀት ስለሆነ ነው። ወደ ውጭ የሚተርፉት ጠርዞች በጠቅላላው አንድ ኢንች ገደማ ይጨምራሉ። ስለዚህ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ የለኩትን ቁጥር የቸርኬው ስም አድርገው እንዳይወስዱት።

ደረጃ 3፦ ሂሳቡን መሥራት

እዚህ ጋ ሳይቸኩሉ ይሥሩ፤ ገንዘብዎን የሚያድነው ይህ ገጽ ነው። ሁለት ነገሮች አብረው ይለወጣሉ፦ ስፋቱና ኦፍሴቱ። ስፋቱ ሲጨምር ጭማሪው ግማሹ ወደ ውጭ፣ ግማሹ ወደ ውስጥ ይሄዳል። ኦፍሴቱ ሲቀንስ ግን ቸርኬው እንዳለ ወደ ውጭ ይንሸራተታል።

የፋብሪካው ቸርኬ 17 በ7.5፣ ኦፍሴት 30 ነው እንበል። ሊገዙት ያሰቡት 17 በ8.5፣ ኦፍሴት ዜሮ ነው። የስፋቱ ልዩነት 1 ኢንች፣ ማለትም 25.4 ሚሊሜትር ነው፤ ግማሹ 12.7። የኦፍሴቱ ልዩነት 30። የውጩ ጠርዝ 12.7 ሲደመር 30፣ በድምሩ 42.7 ሚሊሜትር ወደ ውጭ ይወጣል። የውስጡ ጠርዝ በስፋቱ ምክንያት 12.7 ወደ ውስጥ ሲገባ በኦፍሴቱ ምክንያት 30 ወደ ውጭ ይሄዳል፤ ስለዚህ ከባሌስትራውና ከላይኛው የሱስፔንሽን ክንድ በ17.3 ሚሊሜትር ይርቃል። በሁለቱም ጎን ስለሚሆን በግራና በቀኝ ጎማዎች መሀል መካከል ያለው ርቀት በ60 ሚሊሜትር ይሰፋል።

ተቃራኒውንም ይሞክሩ። 17 በ8.5 ሆኖ ኦፍሴቱ 45 ቢሆን፣ የውስጡ ጠርዝ 12.7 ሲደመር 15፣ ማለትም 27.7 ሚሊሜትር ወደ ውስጥ ይገባል። ሃይሉክስ ላይ ይህን ያህል ክፍት ቦታ ይኖራል ብሎ መገመት አያስተማምንም፤ የራስዎን መኪና መለካት ይኖርብዎታል።

ደረጃ 4፦ መኪናው ላይ ያለውን ክፍት ቦታ መለካት

መኪናውን ሜዳ ቦታ ላይ መሪውን አቅንተው ያቁሙ። ከፓራፋንጎው ጠርዝ ቱንቢውን አውርደው ክሩ ከጎማው የውጭ ጎን ስንት ሚሊሜትር እንደሚርቅ ይለኩ፤ ወደ ውጭ መሄድ የሚችሉት ይህን ያህል ነው። ከዚያ በፊት ጎማ በኩል ከላይኛው የሱስፔንሽን ክንድና ከአሞርዛተሩ፣ በኋላ ጎማ በኩል ከባሌስትራው ያለውን ርቀት ይለኩ። መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ቀኝ፣ ቀጥሎ ወደ ግራ ጠምዝዘው የፊቱን ልኬት ይድገሙት። አንዱን ጎማ ጠንካራና ሰፊ ድንጋይ ላይ አውጥተው ደግሞ ይመልከቱ፤ ሱስፔንሽኑ ሲታጠፍ በሜዳ ላይ የታየው ክፍተት ይጠብባል።

የውስጡ ክፍተት ከአንድ ጣት ውፍረት ባይቀጥን ጥሩ ነው። ወደ ጃማ፣ ወደ ወረኢሉ ወይም ወደ ደላንታ ለሚመላለስ ሰው እኔ ከዚያም በላይ እንዲተው እመክራለሁ። የዚያ አገር ጥቁር ዋልካ ሲረጥብ ጎማው ላይ ይጋገራል፣ በባሌስትራውና በጎማው መካከል ይጠቀጠቃል፤ ሲደርቅ ደግሞ እንደ ጡብ ይጠነክራል። በደረቅ ቀን በቂ የነበረ ክፍተት በሐምሌ አይበቃም።

ብዙ ሰው ጎማው ወደ ውጭ ከወጣ መፋተግ ይቀራል ብሎ ያምናል። ከውስጥ በኩል ልክ ነው። ነገር ግን የፊት ጎማ ወደ ውጭ በወጣ ቁጥር መሪው ሲጠመዘዝ የሚዞርበት ቅስት ይሰፋል። ስለዚህ የጎማው የኋላ ትከሻ የፓራፋንጎውን የኋላ ጫፍ፣ የጭቃ መከላከያውንና ካቢኔው ከሻንሲው ጋር የሚታሰርበትን ቦታ መንካት ይጀምራል። ጎማውንም በዚያው ካተለቁት ይብስበታል። 265/65 አር 17 ጎማ ቁመቱ 776 ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን 285/70 አር 17 ደግሞ 831 ገደማ ነው። ልዩነቱ 55 ሚሊሜትር ነው፤ መኪናው ከመሬት የሚነሳው ግን በግማሹ፣ በ27 ሚሊሜትር ብቻ ነው። የፍጥነት መቁጠሪያው 60 ሲያሳይ መኪናው በ64 ይሄዳል፤ ማርሹም የዚያኑ ያህል ስለሚረዝም ከወልዲያ ወደ ዲልብ የሚያስወጣው ዳገት ላይ ሞተሩ ይከብደዋል።

ምን ያህል ቢለወጥ ይበቃል?

የእኔ አቋም ግልጽ ነው፦ ለወሎ መንገድ የሚሠራ መኪና ከፋብሪካው ኦፍሴት ከ15 እስከ 20 ሚሊሜትር በላይ ባይርቅ ይመረጣል። ኦፍሴት 30 የነበረው ሃይሉክስ ላይ 8 ኢንች ስፋት ያለው፣ ኦፍሴቱ ከ10 እስከ 20 የሆነ ቸርኬ ስፋቱ 265 ሚሊሜትር ከሆነ ጎማ ጋር መልካም ምርጫ ነው። ኔጌቲቭ 20 እና ኔጌቲቭ 40 የሆኑት ጥልቅ ቸርኬዎች ፎቶ ላይ ያምራሉ፤ ለዕለት ሥራ ግን አልመክራቸውም። ምክንያቱን ላስረዳ።

የፊት ጎማ ሲጠመዘዝ የሚዞርበት የማይታይ ዘንግ አለ። ያ ዘንግ ወደ ታች ቢረዝም መሬቱን የሚነካበት ነጥብና ጎማው መሬት የሚረግጥበት መሀል መካከል የተወሰነ ርቀት ይኖራል። አምራቹ ያንን ርቀት ለመኪናው ሱስፔንሽንና ለመሪው አስልቶ አስቀምጦታል። ኦፍሴቱ ሲቀንስ ይህ ርቀት ወደ ውጭ ይረዝማል። ያኔ አንዱ ጎማ ድንጋይ ሲመታ ወይም አንዱ ጎማ አስፋልት፣ ሌላው ጠጠር ላይ ሆኖ ፍሬን ሲያዝ፣ ኃይሉ መሪውን ከእጅዎ ለመንጠቅ ይበረታል። ደሴ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናቸው። በሐረጎ ከ600 ሜትር በላይ እየተጠማዘዙ ሲወርዱ፣ ከታች ከባድ መኪና እየወጣ ጠርዙን ይዘው ፍሬን ሲረግጡ፣ ቀጥ ብሎ የሚሄድ መሪ ሕይወት ነው። ይህን ለመልክ ብሎ መሸጥ አይገባም።

ሁለተኛው ኩሽኔታው ነው። ጎማው ከሞዞው በራቀ ቁጥር የመኪናው ክብደት በረዘመ ክንድ ስለሚጫነው የውጩ ኩሽኔታ ከታሰበለት በላይ ይሸከማል፤ የመሪው መጋጠሚያዎችም ቶሎ ይላላሉ። ጤፍና ማሽላ ጭኖ የሚሄድ ፒክአፕ ላይ ይህ በፍጥነት ይታያል። በሦስተኛ ደረጃ የወጣ ጎማ ጭቃውንና ጠጠሩን በሩና መስታወቱ ላይ ይረጫል፤ ወደ በሽሎ በሚወርዱት ጠባብ የድንጋይ መንገዶች ላይም የጎማው ጎን ቀድሞ ከቋጥኝ ጋር የሚገናኝ አካል ይሆናል። ከፓራፋንጎው አልፎ የወጣ ጎማ በዓመታዊው የቴክኒክ ምርመራ ላይም ጥያቄ ሊያስነሳ ስለሚችል ከመግዛትዎ በፊት ይጠይቁ።

ስፔሰር የሚባለውን ጣልቃ ብረት ማስገባት ኦፍሴቱን በስፔሰሩ ውፍረት መቀነስ ነው። 25 ሚሊሜትር ስፔሰር ኦፍሴት 30 የሆነውን ቸርኬ 5 ያደርገዋል። ከላይ የተባለው ሁሉ ይመለከተዋል፤ በዚያ ላይ የሚፈታ ሌላ መጋጠሚያ ይጨምራል። በሞዞውና በቸርኬው መካከል ተሰክቶ የሚቀረው፣ የራሱ ቡሎን የሌለው ዓይነት ደግሞ ቡሎኑ ላይ የሚጠብቀው ዳዶ የሚይዘውን የጥርስ ርዝመት ይቀንሳል። እኔ አላስገባውም።

ደረጃ 5፦ የመሀል ቀዳዳ፣ ዳዶና የመሸከም አቅም

ሃይሉክስ፣ ፎርድ ሬንጀርና ሚትሱቢሺ ኤል 200 ሁሉም 6 ቡሎን በ139.7 ናቸው። የመሀል ቀዳዳቸው ግን 106፣ 93 እና 67 ሚሊሜትር ገደማ ነው። የሬንጀር ቸርኬ የሃይሉክስ ሞዞ ላይ አይገባም። የሃይሉክሱ ሬንጀር ላይ ይገባል፤ ነገር ግን መሀሉ ይሰፋዋል፣ ስለዚህ ክፍተቱን የሚሞላ ቀለበት ያስፈልገዋል። ጎሚስታው «በላሜራ እናስተካክለዋለን» ቢልዎት አይቀበሉ።

ዳዶው ብዙ ጉዳት የሚመጣበት ቦታ ነው። የቶዮታ የፋብሪካ የአሉሚኒየም ቸርኬዎች በአብዛኛው ጠፍጣፋ ማረፊያና ወደ ቀዳዳው የሚገባ አንገት ያለው ዳዶ ይጠቀማሉ። ከገበያ የሚገዙት ቸርኬዎች አብዛኞቹ ግን 60 ዲግሪ ሾጣጣ ማረፊያ ያለው ዳዶ ይፈልጋሉ። ጠፍጣፋውን ዳዶ በሾጣጣ ቀዳዳ ላይ ካሠሩት የጠበቀ ይመስላል እንጂ አልያዘም፤ በጉዞ ላይ ይላላል። ከቸርኬው ጋር ትክክለኛውን ዳዶ አብረው ይግዙ፤ ሃይሉክስ ኤም 12 በ1.5 ጥርስ ነው። ዳዶውን በእጅ ሲያስገቡ ቢያንስ 8 ሙሉ ዙር መግባት አለበት።

የመሸከም አቅሙም ከጀርባው በኪሎግራም ወይም በፓውንድ ይጻፋል። የኋላ አክስሉ 1,600 ኪሎ እንዲሸከም ከተፈቀደለት እያንዳንዱ የኋላ ቸርኬ ቢያንስ 800 ኪሎ መሸከም አለበት። ያልተጻፈበትን ቸርኬ ጭነት ለሚጭን መኪና አይግዙ።

ደረጃ 6፦ መሞከርና ማሠር

ከመክፈልዎ በፊት አንድ ባዶ ቸርኬ ፊት ላይ እንዲሞክሩ ከሻጩ ጋር ይስማሙ። የማይስማማ ከሆነ ሌላ ሻጭ ይፈልጉ። በክሪክ አንስተው ቸርኬውን በሁለት ዳዶ ይያዙትና በእጅዎ ያሽከርክሩት፤ የፍሬኑን ካሊፐር የሚነካ ከሆነ ወዲያው ይሰማል። ዲያሜትሩን ከፋብሪካው ያሳነሰ ሰው ይህን ሙከራ በፍጹም መዝለል የለበትም።

ሲያሥሩ የሞዞውን ፊት በሽቦ ብሩሽ ከዝገትና ከጭቃ ያጽዱ፤ ትንሽ የጭቃ ቅርፊት ቸርኬውን አጣሞ ያስቀምጠዋል። ዳዶዎቹን በእጅ ይጀምሩ፣ በተቃራኒ ጥንድ እያፈራረቁ ያጥብቁ፣ የመጨረሻውን ማጥበቅ ጎማው መሬት ነክቶ ሳለ የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ የቶርክ ቁልፍ ይጨርሱ። የማጥበቂያው መጠን በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ላይ አለ፤ ለብረትና ለአሉሚኒየም ቸርኬ ሊለያይ ስለሚችል ትክክለኛውን መስመር ያንብቡ። በቁልፉ ላይ ቧንቧ ሰክቶ በእግር መርገጥ ቡሎኑን ይዘረጋዋል።

ከዚያ ባላንስና አላይመንት ያሠሩ። ደሴ ያለ ሰው ሐይቅ ድረስ ደርሶ ቢመለስ ወደ 60 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ለመጀመሪያው ፍተሻ የሚበቃ ርቀት ነው። ሲመለሱ ቸርኬው እስኪቀዘቅዝ ጠብቀው ዳዶዎቹን እንደገና በቶርክ ቁልፍ ያረጋግጡ። በጎማው ትከሻና በፓራፋንጎው የውስጥ ፕላስቲክ ላይ የተፋተገ ምልክት ካለ ይፈልጉ። መሪው የሚያንቀጠቅጥ ወይም ወደ አንድ ጎን የሚጎትት ከሆነ ረጅም ጉዞ አይጀምሩ።

ስለ ስኮርታ (መጠባበቂያ ጎማ)

ገንዘብ ከፈቀደ አምስተኛ ቸርኬ ይግዙ። ካልፈቀደ የፋብሪካውን ስኮርታ ማቆየት ይቻላል፤ የጎማው ቁመት ግን ከሌሎቹ ጋር አንድ ይሁን። ቁመቱ የሚለያይ ጎማ አስገብቶ ፎር ዊል በደረቅ መንገድ መንዳት የኃይል ማስተላለፊያውን ይጎዳል። ስኮርታው የፋብሪካው ቸርኬ ከሆነ ለእሱ የሚሆኑትን የድሮ ዳዶዎች በጨርቅ ጠቅልለው ከክሪኩ ጋር ያስቀምጡ፤ ጋሸና ላይ በጭጋግ ጎማ ሲፈነዳ አዲሶቹ ሾጣጣ ዳዶዎች ለዚያ ቸርኬ አይሆኑም።